ሮም በሁለት ጎማ

ሮም ለእግረኛ ትልቅ፣ ለመኪና ጠባብ ከተማ ናት። ንጉሠ ነገሥት አውሬሊያን በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስጀመረው የከተማዋ ቅጥር ብቻ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞራል፤ አብዛኛው ክፍሉም እስከ ዛሬ ቆሟል። ከኮሎሲየም ተነስቶ በእግሩ የሚዞር እንግዳ ፀሐይ ሲመታው ውሎ አንድ ሁለት ሰፈር እንዳየ ጉልበቱ ያልቃል። የቱሪስት አውቶቡሱ ሰፊ ጎዳና ይፈልጋል፤ የሮም ታሪክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የተቀመጠው አውቶቡስ በማይገባበት ጓሮ ነው። የከርሰ ምድር ባቡሩም ቢሆን በሌሎች የአውሮፓ ዋና ከተሞች እንደሚታየው ከተማዋን አላዳረሰም። አዲስ መስመር ለመዘርጋት በተቆፈረ ቁጥር የጥንት ቤት፣ መቃብር ወይም የወታደር ሰፈር ብቅ ይላል፤ አርኪዮሎጂስቶቹ ሥራቸውን እስኪጨርሱም ቁፋሮው ይጠብቃል።

ብስክሌት ለዚህች ከተማ ልክ የሆነው ለዚህ ነው። በዝግታ ሲነዱት በሰዓት ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በአንድ ጠዋት ከቄሳሮቹ አደባባይ ተነስቶ የከተማዋን በር አልፎ ገጠር ለመድረስ ይበቃል፤ ግድግዳ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ዐይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ፍሬን ይዞ እግር ማውረድ ነው። የግል መኪና በፈቃድ ብቻ በሚገባበት መሀል ከተማም ብስክሌት እንደ ልቡ ይመላለሳል።

ይህን ስል ሮም የብስክሌት ከተማ ናት ማለቴ አይደለም። አምስተርዳምን ወይም ኮፐንሃገንን የለመደ ሰው እዚህ ግራ ይገባዋል። የብስክሌት መስመሩ ይጀምርና ሳይታሰብ ያልቃል፤ ሞተር ሳይክሎቹ በቀኝም በግራም ይሾልካሉ፤ ሰባቱ ኮረብቶችም ዳገታቸው የእውነት ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ሮምን በብስክሌት የሚያየው ከአስጎብኚ ጋር ነው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ለትራፊኩ ሲባል ብቻ ግን አይደለም። ሮም ውስጥ ድንጋይ የሌለበት ቦታ የለም። የትኛው ድንጋይ ዘንድ እንደሚቆምና የትኛው እንደሚታለፍ የሚወስነው አስጎብኚው ነው፤ በዚህም ውሳኔው ታሪኩን ግማሽ ተርኮታል ማለት ይቻላል። ነገሩን ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ልብ ሊለው ይገባል፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። አስቀድሞ ቦታ ይያዛል፤ በቀጠሮው ሰዓት ብስክሌት አከራዩ ሱቅ ይገናኛሉ። ኮርቻው በቁመትዎ ልክ ይስተካከላል፦ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትዎ ጥቂት ታጠፍ ብሎ መቅረት አለበት። የፊትና የኋላ ፍሬኑ ይሞከራል፤ ሄልሜት ይታሰራል። ከዚያ ሱቁ አጠገብ ባለ ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ጥቂት ዞር ዞር ያስብሏችኋል። ይህችን ፈተና አይናቋት። አስጎብኚው ማን ደህና እንደሚነዳ፣ ማን ለዓመታት ብስክሌት ላይ እንዳልወጣ የሚለየው በእርሷ ነው፤ የቡድኑን ፍጥነትም የሚወስነው ደካማውን አይቶ ነው። ዛሬ በብዛት የሚቀርበው ባትሪ ያለው ብስክሌት ነው። ሞተሩ የሚያግዘው ፔዳሉን ሲመቱ ብቻ ስለሆነ ሞተር ሳይክል አይደለም፤ ዳገቱን ግን ያስረሳል። እግራቸው የማይታዘዛቸው አዛውንት ከልጅ ልጆቻቸው ጋር እኩል ሲጓዙ የሚታየው በእርሱ ሰበብ ነው።

ከዚያ በአንድ መስመር ተሰልፎ መንዳት ነው። አስጎብኚው ከፊት ይመራል፤ ቡድኑ ከበዛ ሌላ ሰው ከኋላ ይከተላል። እጅ ወደ ላይ ሲነሳ መቆም፣ ወደ ጎን ሲዘረጋ መታጠፍ፣ ወደ መሬት ሲጠቁም ጉድጓድ አለ ማለት ነው። ምልክቱን እያንዳንዱ ከኋላው ላለው ያስተላልፋል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ቡድኑ ለሁለት እንዳይቆረጥ አንድ ላይ ተጠጋግቶ መሻገር ያስፈልጋል። ጎበዝ አስጎብኚ እየነዳ አያስረዳም፤ ጥላ ያለበት ቦታ መርጦ ያቆምና ሁሉም እስኪደርስ ጠብቆ ይናገራል። በጣልያን አገር አስጎብኚነት ፈተና ተወስዶ ፈቃድ የሚወጣለት ሙያ ነው፤ ቡድን ይዞ መንገድ የሚመራ ሁሉ ስለ ታሪካዊ ቦታው የማስረዳት ፈቃድ አለው ማለት አይደለም። ሲመዘገቡ ይህን መጠየቅ ነውር የለውም።

ስለ መንገዱ ድንጋይም አንድ ነገር ልበል። መሀል ሮም ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ሳምፔትሪኒ በሚባል ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተነጥፏል። የአዲስ አበባን ኮብልስቶን የሚያውቅ ሰው ስለ ስሜቱ ማብራሪያ አያሻውም። መሪውን ጨምድደው ከያዙት ንዝረቱ እስከ ትከሻ ይደርሳል፤ ላላ አድርገው ሲይዙትና ከኮርቻው ትንሽ ነሳ ሲሉ ብስክሌቱ ራሱ መንገዱን ያገኛል። ድንጋዩ ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ስለሚያንሸራትት በጠመዝማዛ ላይ የፊት ፍሬን በድንገት አይያዝም። የትራም ሐዲድ ሲያጋጥም ጎማው ውስጥ እንዳይገባ አግድም መሻገር ነው።

አሁን እንነሳ።

ብዙ ጉብኝቶች ከፒያሳ ቬኔዚያ ወደ ኮሎሲየም በሚወስደው ቀጥ ያለ ሰፊ ጎዳና ያልፋሉ። ቪያ ዴይ ፎሪ ኢምፔሪያሊ ይባላል። በግራ እ.ኤ.አ. በ113 የተመረቀው የትራያን ዓምድና የአውግስጦስ አደባባይ ይታያሉ፤ በቀኝ የዩልዮስ ቄሳር አደባባይና የጥንቱ የሮም ሸንጎ፣ ገበያና ቤተ መቅደስ የነበረበት ሸለቆ አለ። እንግዳ ሰው ዐይኑ ግራና ቀኝ ሲል ከጎማው በታች ያለውን ይረሳዋል። ጎዳናው ራሱ ግን የጥንት አይደለም። ሙሶሊኒ ለወታደራዊ ሰልፍ እንዲሆነው ያስከፈተው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1932 ነው። ለዚህ ሲባል ሰው የሚኖርበት ሙሉ ሰፈር ፈረሰ፤ ነዋሪዎቹ ወደ ከተማው ዳርቻ ተወሰዱ፤ ቬሊያ የሚባለው ጉብታ ተቆረጠ፤ ከቄሳሮቹ አደባባዮችም ብዙው ክፍል መልሶ አስፋልት ሥር ተቀበረ። ጥንታዊነቱን ሊያሳይ የፈለገ መንግሥት ጥንቱን ረግጦ አለፈበት።

ከጎዳናው ጫፍ ፒያሳ ቬኔዚያ ላይ ያለው ቡናማ ቤተ መንግሥት ሰገነት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሙሶሊኒ በመስከረም 1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ላይ መዝመቱን ያወጀው ከዚያ ሰገነት ነው፤ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ቆሞ “ኢምፓየር” መመሥረቱን ለሕዝቡ አበሰረ። ወደ ኮሎሲየም ሲጠጉ በቀኝ በኩል የማክሴንቲዩስ ባዚሊካ ግድግዳ ላይ አራት ትልልቅ የእብነ በረድ ካርታዎች ይታያሉ። ሮም ከአንዲት ነጥብ ተነስታ በትራያን ዘመን የሜዲትራኒያንን ዙሪያ እስክትይዝ ያለውን እድገት በየተራ ያሳያሉ። በወረራው ዘመን አምስተኛ ካርታ ተጨምሮ ነበር፤ ኢትዮጵያንም የጣልያን ግዛት አድርጎ የሚያሳይ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተነቀለ። አራቱ ቀሩ። እዚህ ቦታ ላይ ያላቆመ አስጎብኚ ከገጠመዎት “አምስተኛው የት ነው?” ብለው ይጠይቁት፤ መልሱ የሰውየውን ችሎታ ይነግርዎታል።

ኮሎሲየምን ከውጭ ዞር ብሎ ማየት ይበቃል፤ ውስጡን በሌላ ቀን በራሱ ቲኬት ይገቡበታል፤ ብስክሌት ይዞ የሚገባበት አይደለም። ከጎኑ ያለው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ነው ለእኛ የተለየ ትርጉም ያለው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። የሮም ኦሎምፒክ ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ ሲባል ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተጀመረ። መነሻው ካምፒዶሊዮ ኮረብታ ሥር ነበር፤ መድረሻው ይህ ቅስት። ከስታዲየም ሳይነሳ፣ ስታዲየም ውስጥም ሳያልቅ የተካሄደ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ማራቶን ነው። ሯጮቹ በደቡብ በኩል ወጥተው ሩቅ ከዞሩ በኋላ በጥንቱ በአፒያ መንገድ ተመለሱ፤ ጨልሞ ስለነበር ወታደሮች ግራና ቀኝ ችቦ ይዘው አበሩላቸው። በባዶ እግሩ የሚሮጠው፣ ደረቱ ላይ 11 ቁጥር የለጠፈው የክቡር ዘበኛ ወታደር አበበ ቢቂላ ከሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር እስከ መጨረሻው አካባቢ አብሮ ቆየ፤ ከዚያ ጥሎት ሄደ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፤ በጊዜው ከዚያ የፈጠነ ማራቶን የሮጠ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2010፣ 50 ዓመት በሞላው ዓመት፣ የሮምን ማራቶን ያሸነፈው ኢትዮጵያዊው ሲራጅ ገና የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ ሜትሮች ጫማውን አውልቆ ጨረሰ።

አበበ ወደፊት ለመውጣት ምልክት ያደረገው ቦታ ከቅስቱ ሩቅ አይደለም። በቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ቁልቁል ጥቂት ከነዱ ፖርታ ካፔና አደባባይ ይደርሳሉ። በግራዎ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ግዙፍ ነጭ ሕንፃ አለ። ሕንፃው ሲጀመር የታሰበው ጣልያን በአፍሪካ የያዘቻቸውን አገሮች ለሚያስተዳድረው ሚኒስቴር ነበር። ከፊቱ 24 ሜትር የሚረዝመውና ወደ 160 ቶን የሚመዝነው የአክሱም ሐውልት ለ66 ዓመታት ቆሞ ነበር።

ታሪኩን አብዛኛው አንባቢ ስለሚያውቀው በአጭሩ ልለፈው። ሐውልቱ አክሱም ውስጥ ተሰባብሮ የወደቀ ነበር፤ ወራሪው ጦር ቁርጥራጩን በምጽዋ ወደብ በኩል አጓጓዘ። ጥቅምት 1930 ዓ.ም. ፋሺስቶች ሥልጣን የያዙበት 15ኛ ዓመት ሲከበር ሮም ላይ ተመረቀ። እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል ጣልያን የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ አስገድዶ ነበር። 18ቱ ወር ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2002 መብረቅ ጫፉን መታው፤ በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ መፍረስ ተጀመረ፤ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ገባ። ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. በተወለደበት ምድር ቆሞ ተመረቀ።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ለምን እዚህ ቦታ እንደቆመ ነው። ፖርታ ካፔና የጥንቷ ሮም በር ነበር። የአፒያ መንገድ ሀ ብሎ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ከምሥራቅና ከደቡብ ድል አድርጎ የሚመለስ ጦር ወደ ከተማዋ የሚገባው በዚሁ በኩል ነበር። ሐውልቱን እዚህ የተከለው ሰው የመረጠውን ያውቃል፤ የኢትዮጵያን ድንጋይ በጥንት ድል አድራጊዎች መግቢያ ላይ ማቆም ነበር ሐሳቡ። እንግዲህ አበበ በዚያ ምሽት፣ በዚያ በር፣ በዚያ ሐውልት ሥር ነው ተወዳዳሪውን ጥሎ የሄደው። ይህን እየተረኩ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ከአፒያ እስከ ቅስቱ ያለውን መንገድ በዐይን መለካት ከመጽሐፍ ከማንበብ የተለየ ነው፤ ርቀቱ ስንት እንደሆነ እግር ራሱ ያውቀዋል።

ዛሬ አደባባዩ ላይ የሚታዩት ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ከአክሱም ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 በአሜሪካ በደረሰው ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ ናቸው። ስለዚህ ጠያቂ ከሌለ ብስክሌቱ ሳይቆም የሚያልፍበት ቦታ ነው፤ አብዛኛው ቡድን ፎቶ ለማንሳት የሚጣደፈው ከፊት ለፊት ወዳለው ቺርኮ ማሲሞ ነው። እርሱም 600 ሜትር ያህል የሚረዝም የሠረገላ መሽቀዳደሚያ ነበር፤ አሁን በአብዛኛው ሣር ነው። ቀደም ብዬ አስጎብኚ የሚቆምበትን መምረጡ ራሱ ትረካ ነው ያልሁት ስለዚህ ነው። ለጃፓናዊም ለብራዚላዊም የተዘጋጀ መደበኛ ጉብኝት የእኛን ቦታ ባያካትት አይፈረድበትም። ሲመዘገቡ አስቀድመው “ፖርታ ካፔና ላይ አሥር ደቂቃ እንፈልጋለን” ብለው ቢጽፉ ግን አብዛኛው አስጎብኚ ደስ ብሎት ይዘጋጅበታል።

ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ216 የተከፈተውን የካራካላን የመታጠቢያ ግንብ በቀኝ ትተው፣ በአጥር መካከል በሚያልፍ ጠባብ መንገድ ወደ ፖርታ ሳን ሴባስቲያኖ ይወርዳሉ። ከአውሬሊያን ቅጥር በሮች ሁሉ ትልቁና ከጉዳት የተረፈው ይህ ነው። በሩን ሲያልፉ ከተማው ያልቃል፤ አፒያ ራሱን ማሳየት ይጀምራል።

የአፒያን መንገድ ያስጀመረው አፒዩስ ክላውዲዩስ የተባለ ሹም ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ312። መጀመሪያ እስከ ካፑዋ ተዘረጋ፤ በኋላ እስከ ብሪንዲዚ ወደብ ደረሰ። ዓላማው ወታደርና ስንቅ በፍጥነት ወደ ደቡብ ማድረስ ነበር። ወርዱ 4 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሁለት ጋሪዎች ሳይነካኩ እንዲተላለፉ የተለካ። ከሮም ሲወጣ የሚሄደው ከአልባን ተራሮች ፈስሶ በረጋ ጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ቋጥኝ ጀርባ ላይ ነው፤ መንገዱ የተነጠፈበትም ድንጋይ ከዚያው አካባቢ የተፈለጠ ነው። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ገና እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ ዘግይቷል የሚል ሰው አይሳሳትም።

የመንገዱ የመጀመሪያ ኪሎ ሜትር ለብስክሌት ክፉ ነው። በሁለት ግንብ መካከል ጠባብ ሆኖ መኪና ይመላለስበታል፤ የእግረኛ መንገድም የለውም። ስለዚህ ልምድ ያለው አስጎብኚ በሌላ በኩል፣ ብዙውን ጊዜ በካፋሬላ ሸለቆ፣ አዙሮ ያወጣል። ብቻውን የወጣ ሰው ይህን የሚያውቀው መኪና ከኋላው ጡሩንባ ሲነፋበት ነው።

አፒያ ላይ ግራና ቀኝ የሚታየው ሁሉ መቃብር ነው። የሮም ጥንታዊ ሕግ በከተማው ውስጥ ሬሳ መቅበርም ማቃጠልም ይከለክል ነበር። ሀብታሙ ስሙ እንዳይረሳ መንገደኛ በሚያልፍበት ዳር ግንብ አሠራ፤ ድሃው በጋራ መቃብር ተቀበረ፤ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ደግሞ ወደ ታች ቆፈሩ። ከመሬት በታች ያለው ለስላሳ ድንጋይ ሲቆፈር በቀላሉ ይታዘዛል፤ አየር ሲያገኝ ይጠነክራል። በዚህ መንገድ ነው የሳን ካሊስቶ፣ የሳን ሴባስቲያኖና የዶሚቲላ ካታኮምቦች በኪሎ ሜትር የሚቆጠር ዋሻ የሆኑት። ክርስቲያኖች ከስደት ተደብቀው ይኖሩባቸው ነበር የሚለው ወሬ በፊልም የተስፋፋ ነው፤ ቦታዎቹ የመቃብር ሥፍራዎች ናቸው፤ ሰዉ የሚሰበሰበውም ሙታኑን ለማሰብና ለመጸለይ ነበር። ለመግባት ብስክሌት ውጭ ቆልፎ የራስ ቲኬት መቁረጥ ያስፈልጋል። በበጋ ቀን እንኳ ውስጡ ስለሚቀዘቅዝ ላብ ያለበት ሰው ሹራብ ቢጤ ይያዝ።

ዳገቱ ላይ ከሩቅ የሚታየው ክብ ግንብ የቼቺሊያ ሜቴላ መቃብር ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት ለአንዲት የባላባት ልጅ የተሠራ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የካኤታኒ ቤተሰብ ወስዶ ምሽግ አደረገው፤ ጫፉ ላይ የሚታዩት የጥርስ ቅርጽ ግንቦች የዚያን ጊዜ ናቸው። ቤተሰቡ በመንገዱ ላይ ቀረጥ ያስከፍል ነበር። ሟቿ ስለዚህ የምትለው ቢኖር መስማት እወድ ነበር። ከመቃብሩ ትንሽ ቀደም ብሎ ያለው የማክሴንቲዩስ የሠረገላ ሜዳ ደግሞ ከዓይነቱ ሁሉ በደንብ የተጠበቀው ነው፤ ዛሬ ፒያሳ ናቮና መሀል ያለው ሐውልት የተወሰደው ከዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ መኪናው ይቀንሳል፤ ጥንታዊው ንጣፍ ይመጣል። ድንጋዮቹ የጠረጴዛ ያህል ስፋት አላቸው፤ የጋሪ ጎማ የቦረቦራቸው መስመር ይታያል። እዚህ ላይ ጀግንነት አያስፈልግም። ዳርና ዳር እግረኞችና ብስክሌተኞች የረገጡት የአፈር መንገድ አለ፤ አስጎብኚዎቹ ራሳቸው የሚነዱት በእርሱ ነው። ጥላ የሚሰጡት ረጃጅም ጥዶች ጃንጥላ የተዘረጋ ይመስላሉ። ይህ ሁሉ በቪላ ሳይዋጥ የተረፈው በራሱ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባለ ገንዘቦች መሬቱን እየተሻሙ መገንባት ሲጀምሩ ጋዜጠኛው አንቶኒዮ ቼዴርና ከእ.ኤ.አ. 1953 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት በብዕሩ ተሟገተ፤ አካባቢው በክልል ደረጃ ፓርክ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው።

ጊዜና አቅም ያለው ቡድን በካፋሬላ በኩል ወደ ውኃ ማመላለሻዎቹ ፓርክ ይዘልቃል። ካፋሬላ ከከተማው መሀል ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ርቆ በግ የሚግጥበት ሸለቆ ነው፤ አይብ የሚሠራበት የእርሻ ቤትም አለው። በፓርኩ ውስጥ የሚታየው የክላውዲያ ማመላለሻ እ.ኤ.አ. በ38 ተጀምሮ በ52 ያለቀ ሲሆን ከተራራ ምንጭ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሮም ይገባ ነበር። አብዛኛው ርዝመቱ ከመሬት በታች ነው፤ ወደ ከተማው ሲቃረብ ሜዳው ዝቅ ስለሚል ውኃው ከፍታውን እንዳያጣ በቅስት ላይ ተሸከሙት። ፓምፕ የለም፤ ከምንጩ እስከ መጨረሻው ያለ ማቋረጥ በጥቂት በጥቂቱ የሚያዘቀዝቅ ቦይ ብቻ ነው። አስጎብኚው ይህን ሲያስረዳ ብስክሌቱን ሳይመቱት ቀስ ብሎ የሚንሸራተትበትን ተዳፋት ያስተውሉ፤ የቦዩ ተዳፋት ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር።

ዳገትም መኪናም የማይወድ ሰው በሌላ ቀን የቲቤር ወንዝን ዳር ይያዝ። እ.ኤ.አ. በ1870 መጨረሻ ወንዙ ሞልቶ ከተማዋን ካጥለቀለቀ በኋላ ግራና ቀኝ ከፍተኛ ግንብ ተሠራ፤ ዛሬ ከግንቡ ሥር፣ ከውኃው አጠገብ፣ ሜዳማ የብስክሌት መንገድ ይሄዳል። ፖንቴ ሲስቶና ፖንቴ ማዚኒ በሚባሉት ድልድዮች መካከል ደቡብ አፍሪካዊው ሠዓሊ ዊልያም ኬንትሪጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ500 ሜትር በላይ የሚረዝም ሥዕል ሠርቷል። ቀለም አልቀባም፤ ግንቡ ላይ የተጋገረውን ጥላሸት በውኃ ግፊት አጥቦ ቅርጹን አወጣ። እድፉ እየተመለሰ ሲሄድ ሥዕሉ ይደበዝዛል፤ ሲጀመርም የታሰበው እንዲሁ ነው። ወደ ሰሜን ከቀጠሉ ፎሮ ኢታሊኮ ይደርሳሉ፤ እዚያ የቆሙት የእብነ በረድ ብሎኮች የኢትዮጵያን ወረራ ድል አድርገው የሚዘግቡ ጽሑፎች እስከ ዛሬ ተቀርጸውባቸዋል። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ይህ መንገድ ስለሚዘጋ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ወቅቱን ካነሳን፣ ሚያዝያና ግንቦት፣ እንዲሁም መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ይመቻሉ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መሄድ ግድ ከሆነ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚነሳውን ጉብኝት ይምረጡ። እሑድ ከሁሉ ይሻላል፤ ፎሪ ኢምፔሪያሊ ለመኪና ይዘጋል፤ አፒያም ላይ ትራፊኩ ይቀንሳል። ውኃ መግዛት አያስፈልግም፤ በየመንገዱ ናዞኒ የሚባሉ፣ ቁጥራቸው በሺዎች የሆነ የብረት ቧንቧዎች ቀን ከሌት ቀዝቃዛ የመጠጥ ውኃ ያፈሳሉ። የቧንቧውን አፍ በጣት ሲደፍኑት ውኃው ከላይ ባለች ቀዳዳ ወደ ላይ ይረጫል፤ እንደዚያ ነው የሚጠጣው። ሰፊ ቀሚስ ወይም ነጠላ የለበሰ ሰው ጫፉ ሰንሰለት ውስጥ እንዳይገባ ይጠቅልለው። ትንንሽ ልጆች ከኋላ በሚጎተት ጋሪ ወይም በተያያዘ ትንሽ ብስክሌት መሄድ ስለሚችሉ ዕድሜና ቁመታቸውን ሲመዘገቡ ይናገሩ።

በመደበኛ ጉብኝት ውስጥ የማያገኙት አንድ ቦታ ቀረ። ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ አምስት መቶ ማለት ነው። ጥር 1879 ዓ.ም. የራስ አሉላ ጦር ዶጋሊ ላይ ድል ላደረጋቸው የጣልያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ሐውልታቸው ከአደባባዩ ጥግ፣ በዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ አጠገብ፣ ዛፍ ሥር ቆሟል፤ አናቱ ላይ ያለው ድንጋይ ከግብፅ የመጣ የዳግማዊ ራምሴስ ሐውልት ነው። በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ እዚህ ሥር ተቀምጦ ነበር። አርበኛው ዘርዓይ ደረስ አንበሳውን አይቶ የተንበረከከው፣ ከዚያም ሰይፉን የመዘዘው በዚህ ቦታ ነው። በዚያች ቀን ስለደረሰው ዝርዝር ታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከራሉ፤ ተይዞ ዳግመኛ አገሩን ሳያይ ሲሲሊ ውስጥ መሞቱ አያከራክርም። አንበሳው ተመልሶ ለገሀር ቆሟል። ዙሪያው የአውቶቡስ ግርግር ስለሆነ በብስክሌት አይመችም፤ ብስክሌቱን ከመለሱ በኋላ በእግር ቢሄዱ ይሻላል። አስጎብኚው ጊዜ ካለው አብሮ ይምጣ፤ የዘርዓይን ታሪክ የሚያስረዳው ግን ምናልባት እርስዎ ይሆናሉ።